ከመስመር ዳር፦ «ልጄ በ15 ዓመቱ አልተመረጠም፤ አበቃለት ማለት ነው?»

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ በትምህርት ቤት ሜዳ ራግቢ የሚጫወት ልጅ ብሔራዊ ቡድን የሚደርሰው በየት በኩል ነው? አምስቱን መርጫለሁ። ለአዲስ አንባቢዎች ራሴን ላስተዋውቅ። የተጫወትኩት 2 ቁጥር ነው፤ ሁከር ማለት ነው፤ በስክረም፣ ስምንት ለስምንት ሆነን ተቆላልፈን በምንገፋፋበት፣ መሐል ቆሜ ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ፕሮፖች ተደግፌ አንገቴን የጨረስኩ ሰው ነኝ። ከዚያ ከ16 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆችን አሰለጠንኩ፤ ጥቂት ዓመታትም ከመራጮች ጋር ተቀምጫለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ 15 ዓመቱ ነው። ከ8 ዓመቱ ጀምሮ ይጫወታል፤ በትምህርት ቤቱ ቡድን ፍላንከር ነው፣ በስክረሙ ጎን የሚሰለፈው 7 ቁጥር። ባለፈው ወር ለክልሉ ከ16 ዓመት በታች ቡድን ማጣሪያ ሄዶ ወደቀ። ምክንያቱን ብንጠይቅ «ሰውነቱ ገና ነው» አሉን። የክፍል ጓደኛው ግን አልፎ አካዳሚ ገብቷል። ልጄ ጫማውን አልጋ ሥር ወርውሮ ሁለት ሳምንት አልነካውም። ይህ በር ከተዘጋ ሌላ በር አለ?
*ግራ የገባኝ እናት*

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ኃጢአቴን ልናዘዝ።

ከዓመታት በፊት በአንድ ማጣሪያ ላይ ከሦስቱ መራጮች አንዷ ነበርኩ። ልጆቹ ከአርባ በላይ ናቸው፤ እየተፈራረቁ ሃያ ሃያ ደቂቃ ይጫወታሉ፤ ዝናቡ አላቋረጠም፤ ወረቀቴ ርሶ እስክሪብቶው አልጽፍ ብሏል። አንድ ፍላንከር ነበር፤ ልክ እንደ እርስዎ ልጅ። ኳሱ በወደቀበት ቦታ ሁሉ ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ግን በደረሰ ቁጥር አንዱ ግዙፍ ልጅ አንሥቶ ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። ከቁጥሩ አጠገብ «ትንሽ ነው» ብዬ ጻፍኩና ገጹን ገለበጥኩ። ከሁለት ዓመት በኋላ በተጋጣሚያችን ቡድን ውስጥ አገኘሁት። ቁመቱ ከሁለተኛ መስመር ተጫዋቾቼ፣ ከረጃጅሞቹ፣ እኩል ሆኗል፤ በአንድ ግማሽ ሦስት ኳስ ነጠቀን። ያን ቀን «ትልቅ» ብዬ ካሳለፍኳቸው አራት ልጆች ሁለቱ ግን በዚያን ጊዜ ጨዋታውን ትተውት ነበር። እድሜ ልካቸውን ሰው ሁሉ ከእነሱ ጋር እየተጋጨ ሲወድቅ ኖሮ፣ እኩዮቻቸው ሲያድጉ የሚሠሩት ጠፋቸው፤ መቀባበል አልተማሩም፤ ማንም አላስተማራቸውም፤ እኔንም ጨምሮ።

«ሰውነቱ ገና ነው» የሚለው አነጋገር የሚነግርዎ የቀን መቁጠሪያ ጉዳይ ነው። ወንዶች ልጆች በፍጥነት የሚመዝዙት በአማካይ በ13 እና በ14 ዓመታቸው አካባቢ ነው፤ አንዳንዱ ግን በ12 ይጀምራል፣ አንዳንዱ በ16። ስለዚህ ሁለት የ15 ዓመት ልጆች ጎን ለጎን ሲቆሙ አንዱ አዋቂ ሊሆን የቀረበ፣ ሌላው ገና ሕፃን ሊሆን ይችላል። የልደት ወርም አለበት። ከምዝገባው ዘመን መጀመሪያ ላይ የተወለደ ልጅ በመጨረሻው ወር ከተወለደው እስከ አሥራ አንድ ወር ይበልጣል፤ የታዳጊ ቡድኖችን ስም ዝርዝር ያጠኑ ሰዎች ደጋግመው ያገኙትም መጀመሪያ ላይ የተወለዱት በዝተው ነው። በኒውዚላንድ ከጥንት ጀምሮ ልጆችን በክብደት እየከፈሉ የሚያጫውቱ ሊጎች ያሉት ለዚህ ነው። ቀድሞ ከወጣ ጆሮ ኋላ የበቀለ ቀንድ በለጠ የሚባለው ለፍላንከር የተባለ ይመስለኛል።

አሁን ወደ መንገዱ። በብዙ አገር ልጁ በትምህርት ቤት ወይም በክለብ ይጀምራል። ከ14 እስከ 16 ባለው ዕድሜ የክልል ማጣሪያ ይመጣል። ያለፈው ከ16 በታች፣ ቀጥሎም ከ18 በታች ቡድን ይገባል፤ ጎን ለጎን የአንድ ትልቅ ክለብ አካዳሚ ይይዘዋል። ከዚያ ከ20 ዓመት በታች ብሔራዊ ቡድን፣ ከዚያ የክለብ ውል፣ ከዚያ ዋናው ብሔራዊ ቡድን። ወረቀት ላይ ሲያዩት መሰላል ነው። ከመስመር ዳር ሆኜ ስመለከተው ግን ወንዝ ይመስለኛል፤ ገባሮቹ በየቦታው ይቀላቀሉታል፣ አንዳንዶቹም በጣም ታች ወርደው።

አገሮቹ ራሳቸው አይመሳሰሉም። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ነገሩ ሁሉ በትምህርት ቤት ዙሪያ ነው፤ በ1964 የተጀመረው የክሬቨን ሳምንት ከ18 ዓመት በታች የሆኑ የግዛት ቡድኖችን አንድ ቦታ ያገናኛል፣ መልማዮችም እንደ ንብ ይሰፍሩበታል። ሲያ ኮሊሲን ይውሰዱ። ዝዊዴ በሚባል ድሃ ሰፈር ያደገ ልጅ ነው፤ በ12 ዓመቱ በአንድ ውድድር ላይ ታይቶ በታወቀ ትምህርት ቤት ነፃ ትምህርት አገኘ። በ2013 ለስፕሪንግቦክስ፣ ለደቡብ አፍሪካ ብሔራዊ ቡድን፣ ተሰለፈ፣ በ2018 አምበል ሆነ፣ በ2019 እና በ2023 የዓለም ዋንጫ አነሣ። ፈረንሳይ ሲሄዱ ደግሞ ትምህርት ቤቱ ወደ ኋላ ይልና ክለቡ ፊት ይመጣል፤ አንትዋን ዱፖን የጀመረው በማኞዋክ ገጠር በሚገኝ ትንሽ ክለብ ነው፤ ወደ ኦሽ፣ ከዚያ ወደ ካስትር፣ በ2017 ወደ ቱሉዝ አለፈ። ቁመቱ 1.74 ሜትር አካባቢ ነው፤ ይህንን ለልጅዎ ይንገሩት።

አየርላንድ ሁለቱንም ያሳየናል። እዚያ ሌንስተር በሚባለው ግዛት የትምህርት ቤቶች ዋንጫ አለ፤ ከጥቂት ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች የመጡ ልጆች ቀጥታ ወደ ግዛቱ አካዳሚ የሚገቡበት ሰፊ በር ነው። ታይግ ፈርሎንግ ግን በዚያ በር አልገባም። የመጣው ከዌክስፈርድ፣ ኒው ሮስ ከሚባል ክለብ ነው፤ ለአየርላንድ በ2015 ተሰለፈ፣ በ2017ም ከአራቱ የብሪታንያና አየርላንድ ቡድኖች የተውጣጣው ምርጥ ቡድን፣ ላየንስ፣ በኒውዚላንድ ከብሔራዊ ቡድኑ ጋር ባደረጋቸው ሦስት ቴስቶች ሁሉ ከመጀመሪያው ደቂቃ ገባ። ፈርሎንግ ፕሮፕ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ከመንገድ ወጥቼ የሙያዬን ላውራ። ከ19 ዓመት በታች ጨዋታ ሕጉ ስክረምን ከ1.5 ሜትር በላይ መግፋት ይከለክላል። ልጆቹን ለመጠበቅ ነው፣ ትክክልም ነው። ታዲያ በ17 ዓመቱ «የማይበገር ፕሮፕ» የተባለ ልጅ እውነተኛ ስክረም ምን እንደሆነ ገና አላየም። በመጀመሪያው መስመር ያለን ሰዎች የምንበስለው ዘግይተን ነው፤ ስለዚህ በ16 ዓመቱ ፕሮፕ ላይ የመጨረሻ ፍርድ የሚሰጥ መራጭ ካጋጠመዎ ፈገግ ብለው ይለፉት።

ቀድሞ መመረጥስ? ጆኒ ዊልኪንሰን በ1998 ገና በ18 ዓመቱ ለእንግሊዝ ተቀይሮ ገባ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በብሪስበን ከአውስትራሊያ ጋር ከመጀመሪያው ሲሰለፍ እንግሊዝ 76 ለ 0 ተሸነፈች። ዮና ሎሙ በ1994 በ19 ዓመት ከ45 ቀኑ የኦል ብላክስ፣ የኒውዚላንድ ብሔራዊ ቡድን፣ ታናሽ ተጫዋች ሆኖ ገባ፤ በፈረንሳይ ሁለት ጊዜ ተሸነፉ፣ እሱም ከቡድኑ ወጣ። ሁለቱም ተመልሰዋል፤ ሎሙ በቀጣዩ ዓመት የዓለም ዋንጫ ላይ ሰባት ትራይ (ኳሱን ከተጋጣሚው መስመር ጀርባ መሬት ማስነካት) አስቆጠረ፣ ዊልኪንሰንም በ2003 ሲድኒ ላይ በጭማሪው ሰዓት የመታት ኳስ እንግሊዝን ዋንጫ አሸከመች። እነዚህ ግን እንደገና የመነሣት ዕድል ያገኙት ናቸው። በ18 ተመርጠው በ20 የተረሱትን ልጆች ስም ማንም አያስታውስም፤ እኔ ጥቂቶቹን አውቃለሁ፣ ስልካቸውም አለኝ።

ስለዚህ አሁን ምን ይደረግ? ጫማውን ከአልጋ ሥር አያውጡለት፤ ራሱ ያውጣው። በየሦስት ወሩ ግን ቁመቱን ግድግዳ ላይ ምልክት ያድርጉ። በፍጥነት መመዘዝ ሲጀምር ጉልበቱና ተረከዙ ሊያመው፣ ቅንጅቱም ለጥቂት ወራት ሊጠፋው ይችላል፤ በዚያ ጊዜ ክብደት ማንሣት ላይ እንዲያብድ አይፍቀዱለት። መራጮቹን ደግሞ አንድ ጥያቄ ብቻ በጽሑፍ ይጠይቁ፦ «በሚቀጥለው ዓመት ስታዩት የትኛውን ሁለት ነገር ተሻሽሎ ማየት ትፈልጋላችሁ?» ለዚህ መልስ ያለው መራጭ ልጅዎን በእርግጥ አይቶታል። «ሰውነቱ» ብሎ ከደገመ አላየውም፤ በሚቀጥለው ዓመት ሌላ መራጭ ፊት ይቅረብ። ከ16 በታች ያልገባ ልጅ ከ18 በታች ማጣሪያ ከመሄድ የሚከለክለው ሕግ የትም አላጋጠመኝም።

ጥያቄ፦ አሰልጣኝ፣ 16 ዓመቴ ነው፣ ስክረም-ሀፍ ነኝ። መራጮች ያንን ወረቀት ይዘው ሲቆሙ ምን እንደሚጽፉ ሁልጊዜ ያስጨንቀኛል። ትራይ ካስቆጠርኩ ያዩኛል አይደል?
*9 ቁጥር*

መልስ፦ ትራይህን ያዩታል፤ ትራይ የሚያየው ግን ሁሉም ሰው ነው፣ እናትህም ጭምር። መራጭ የሚከፈለው፣ ያው አብዛኞቻችን አይከፈለንም፣ ኳስ በሌለበት ያለውን እንዲያይ ነው።

እኔ የማየው መጀመሪያ ከታክል፣ ኳስ የያዘውን ይዘህ ከጣልክ፣ በኋላ ነው። መሬት ላይ ወድቀህ ለመነሣት ስንት ሰከንድ ይፈጅብሃል? አንዳንዱ ልጅ ጥሩ ታክል አድርጎ ጭብጨባውን ተኝቶ ያዳምጣል። ሁለተኛ፣ ከስሕተት በኋላ። ኳስ ከእጅህ አመለጠ፤ ራስህን ይዘህ ቆምክ ወይስ ወደ መከላከያው መስመር ሮጥክ? አንዴ አንድ 9 ቁጥር በመጀመሪያ ደቂቃው ኳስ ለተጋጣሚ አቀበለና ትራይ ገባበት። ትራዩን ካስቆጠረው ልጅ ፈንታ እሱን ተከትዬ ማየት ጀመርኩ። ከምሰሶው ሥር ጓደኞቹን ሰብስቦ ስለ ቀጣዩ ምት ሲያወራ አየሁት፤ አሳለፍኩት።

ኳሱን ከስክረሙ አውጥቶ ለሚያቀብለው ለአንተ ቦታ ደግሞ ሦስት ነገር ልጨምር። በግራም በቀኝም እኩል ታቀብላለህ? አብዛኛው የ16 ዓመት ስክረም-ሀፍ በአንደኛው እጁ ያቀብላል፣ በሌላኛው ይወረውራል። ራኩ፣ በወደቀ ኳስ ላይ ቆመው የሚገፋፉበት ክምር፣ ጋ ደርሰህ ኳሱን ከመሬት ስታነሣ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ትሄዳለህ? ያቺ እርምጃ በትምህርት ቤት ጨዋታ አታስቀጣህም፤ ከፍ ስትል ግን ተከላካዩ በእሷ ውስጥ ይደርስብሃል። ሦስተኛው ድምፅህ ነው። መስመሩ ላይ ቆሜ ሳልሰማህ ከቀረሁ ፕሮፖችህም አልሰሙህም።

ከዳኛ ጋር ስትጨቃጨቅም እንጽፋለን።

ጥያቄ፦ ልጄ የተወለደችው አሁን በምንኖርበት አገር ነው። እኔ የተወለድኩት በሌላ፣ የእናቷ አባት ደግሞ በሦስተኛ አገር ነው። 18 ዓመቷ ነው፤ ሁለት ፌዴሬሽኖች ለከ20 ዓመት በታች ቡድን ይፈልጓታል። ለአንዱ ከተሰለፈች ሌላው ለዘላለም ተዘጋ ማለት ነው?
*ሁለት ማልያ ያስጨነቀው አባት*

መልስ፦ ይህ እንኳ መልስ ያለው ጥያቄ ነው፣ ወንድሜ፤ የዓለም ራግቢ ማኅበር ደንብ ቁጥር 8 ይባላል። ልጅዎ በተወለደችበት አገር፣ ወይም ወላጇ ወይም አያቷ በተወለዱበት አገር ስም መጫወት ትችላለች፤ ስለዚህ ሦስቱም ክፍት ናቸው። የትውልድ ሐረግ ለሌለው ተጫዋች ደግሞ የመኖሪያ ጊዜ ይቆጠራል። ድሮ 36 ተከታታይ ወር ነበር፣ አሁን 60 ሆኗል።

አንድን ተጫዋች ለአንድ አገር የሚያስረው ዋናው ብሔራዊ ቡድን ወይም ፌዴሬሽኑ «ቀጣይ ቡድን» ብሎ ያስመዘገበው ሁለተኛ ቡድን ነው። ቀድሞ አንዳንድ ፌዴሬሽኖች ከ20 በታች ቡድናቸውን በዚያ ስም እያስመዘገቡ ልጆችን ያስሩ ነበር፤ ከ2018 ጀምሮ ይህ ተከልክሏል። ስለዚህ ለከ20 በታች ብትሰለፍ አትታሰርም። ከሰቨንስ፣ በሰባት ሰው ከሚጫወቱት ራግቢ፣ ግን ይጠንቀቁ፤ እዚያ ዕድሜን የሚመለከት የራሱ ሕግ አለ፣ በኦሎምፒክ ወይም በሰቨንስ የዓለም ዋንጫ ላይ 18 የሞላት ልጅ ልትታሰር ትችላለች። «ለሁለት ቀን ውድድር ብቻ ነው» ብሎ የሚለምን ሰው ከመጣ ከመፈረሟ በፊት ደንቡን ያንብቡ።

ከ2022 ወዲህ አንድ መመለሻ በር ተከፍቷል። ለአንድ አገር ተሰልፎ 36 ወር ያልተጫወተ ሰው፣ ራሱ ወይም ወላጁ ወይም አያቱ ወደተወለደበት አገር አንድ ጊዜ ብቻ መዛወር ይችላል። ከኒውዚላንድ ጋር በ2015 የዓለም ዋንጫ ያነሣው ማላካይ ፈኪቶአ በዚህ በኩል ነው ለትውልድ አገሩ ቶንጋ የተጫወተው። ሦስት ዓመት መጠበቅ ግን ለተጫዋች ረጅም ነው።

የእኔን አስተያየት ከፈለጉ፣ የትኛው ማልያ ያምራል ብለው አይጠይቋት። የትኛው ፌዴሬሽን ከ20 ዓመት በታች ለሴቶች በዓመት ስንት ግጥሚያ እንዳዘጋጀ ይጠይቁ። ሁለት ግጥሚያ ካለውና ስምንት ካለው መካከል መምረጥ ይቀላል።

ጥያቄ፦ 17 ዓመቴ ነው፤ የ200 ሜትር ሯጭ ነኝ። ትምህርት ቤታችን ራግቢ የጀመረው ዘንድሮ ነው። ሌሎቹ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ይጫወታሉ ሲሉኝ አፈርኩ። ዘገየሁ?
*ሯጯ*

መልስ፦ አልዘገየሽም። ኢሎና ማኸር ራግቢ የጀመረችው በ17 ዓመቷ ነው፤ በ2024 ፓሪስ ላይ ከአሜሪካ ሰቨንስ ቡድን ጋር የነሐስ ሜዳሊያ አጠለቀች። ፖርሺያ ውድማን የመጣችው ከኔትቦል ነው፤ ኒውዚላንድ ለሰቨንስ ሴቶች ከሌሎች ስፖርቶች እየመለመለች በነበረበት በ2012 ገብታ ሁለት የኦሎምፒክ ወርቅ ወሰደች። በሰቨንስ ሰባት ሰው ነው የሚጫወተው፣ ሜዳው ግን የአሥራ አምስቱ ነው፤ ባዶ ቦታው ብዙ ነው፣ ሯጭ ይፈልጋል። አንድ ነገር ብቻ፦ መጀመሪያ ታክል ተማሪ፤ ራስሽን ከየትኛው ወገን እንደምታደርጊ፣ በየትኛው ትከሻ እንደምትገቢ። ፍጥነትሽ የትም አይሄድም፤ በመጥፎ ታክል ግን አንድ የውድድር ዘመን ይሄዳል።

ጥያቄ፦ ልጃችን ባለፈው ቅዳሜ ራሱን ተመትቶ ለጥቂት ሰከንድ ፈዞ ነበር። አሁን ደህና ነኝ ይላል። የክልሉ ማጣሪያ የፊታችን ቅዳሜ ነው፤ ዓመት ሙሉ የጠበቀው። ይሂድ?
*ሁለታችንም ወላጆቹ*

መልስ፦ አይሂድ።

የፈዘዘ ልጅ የአንጎል መናወጥ ደርሶበታል ተብሎ ነው የሚታሰበው፤ ያን ቀን ከሜዳ ወጥቶ አይመለስም፣ ከዚያም ወደ ሐኪም፣ ከዚያም ዕረፍት፣ ከዚያም ደረጃ በደረጃ፦ መራመድ፣ ቀላል ሩጫ፣ ንክኪ የሌለበት ልምምድ፣ በመጨረሻ ሐኪም ሲፈቅድ ብቻ ንክኪ። ለታዳጊ ልጅ ይህ ሁሉ በአንድ ሳምንት በምንም ስሌት አይጠናቀቅም። «ደህና ነኝ» የሚለውን ደግሞ ሁለታችሁም አትመኑት፤ እኔም በእሱ ዕድሜ እንዲሁ ብዬ ገብቼ የሁለተኛውን ግማሽ አንድም ነገር አላስታውስም።

ዛሬውኑ ለመራጮቹ ጻፉላቸው፦ ስሙን፣ የሚጫወትበትን ቦታ፣ የተጎዳበትን ቀን፣ ሐኪሙ የሰጠውን ወረቀት ቅጂ፣ እና ሌላ ቀን በትምህርት ቤቱ ግጥሚያ ላይ መጥተው እንዲያዩት ጥያቄ። መራጭ ሳለሁ እንዲህ ዓይነት ደብዳቤ ሦስት ጊዜ ደርሶኛል። ሦስቱንም ልጆች ሄጄ አይቻቸዋለሁ፤ አንዱን አሳልፌዋለሁ።